ውልፍት እንዳትል የታዘዘች ድንጋይ

የጎንደር ግንብ ሲባል ሰው ሁሉ ዐይኑ የሚሄደው ወደ ነገሥታቱ ግቢ ነው። እንግዳው ይመጣል፣ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ፒያሳ ወርዶ ቡናውን ይጠጣል፣ ከዚያ «ጎንደርን ጨርሼ አየኋት» ብሎ አገሩ ይገባል። ደግ አደረገ። እኔ ባደግሁበት ግንብ ግን ንጉሥ አድሮበት አያውቅም። አድሮበት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ይቆም ነበር፤ እኛ አደርንበትና ፈረሰ። ማን እንዳፈረሰው ልንገራችሁ፤ ምስክር አያስፈልግም፣ እኔ ነኝ።

ከከተማው በላይ፣ ወደ ወገራ የሚያወጣው መንገድ ጀርባ በሚሰጠው ተዳፋት ላይ፣ ሁለት መንትያ ግንብ ቤቶች ነበሩ። ያሠራቸው አንድ ደጃዝማች ነው ይባላል። ስሙን አክስቴ ታውቀዋለች፣ ጎረቤታችን ሐጂም ያውቁታል፤ ችግሩ ሁለቱ የሚያውቁት ስም አይገጥምም። ታሪኩ ላይ ግን ይስማማሉ። ደጃዝማቹ ሁለት ሴቶች ነበሩት፤ አንዷ የሕግ፣ አንዷ የልብ። የሕጓ ቤት ይሠራልኝ አለች። የልቧም «እኔስ ምን አጠፋሁ?» አለች። ጦር ሜዳ ያልፈራው ሰውዬ ሁለት ሴት ሲያኮርፉበት ፈራና ግንበኞቹን ሰብስቦ «አንዲት ጣት እንዳይበላለጡ» ብሎ አዘዘ።

አልተበላለጡም። ሁለቱም ምድር ቤትና ፎቅ ነበራቸው፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው። ሁለቱም ከውጭ በኩል ዘጠኝ ደረጃ ያለው መውጫ፣ በቀይ ድንጋይ የተቀሰተ በር፣ የዋንዛ ወለልና የሣር ክዳን ነበራቸው። ግድግዳቸው ከመወፈሩ የተነሣ ልጅ ሆኜ መስኮቱ ውስጥ ተጋድሜ እተኛ ነበር። ኖራው በእንቁላል የተቦካ ነው ብለው ሽማግሌዎች ይምላሉ። በጎንደር ያለው ግንብ ሁሉ በእንቁላል የተቦካ ከሆነ፣ በዚያ ዘመን አገሩ ላይ አንድም ጫጩት አልተፈለፈለም ማለት ነው። ኋላ ሲገለጥ ያየነው ሌላ ነው፦ ፊቱ ኖራና ጥርብ ድንጋይ፣ ሆዱ ጭቃና ኮረት። እንደ ብዙ ሹም ማለት ነው።

ደጃዝማቹ ያላዘዘው ተዳፋቱን ብቻ ነው። ቤቶቹ ተካክለው ተሠሩና አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነ። የላይኛዋ ሴት በሯን ስትከፍት የምታየው የታችኛዋን ጣራ ነው። የታችኛዋ ቀና ስትል የምታየው የላይኛዋን ተረከዝ ነው። ይባስ ብሎ ክረምት ሲገባ የጋራው ውሃ በላይኛው ግቢ አልፎ ቀጥታ ወደ ታችኛው ቤት ጀርባ ይወርዳል። ግንበኞቹ ለዚህ መላ አላጡም። ከታችኛው ቤት የኋላ ግድግዳ ጥግ ለጥግ የሚሄድ ቦይ ቆፈሩ፤ ላዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደኑት። ውሃው ከሥር ሰተት ብሎ ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ ሰው ከላይ ይሄዳል። ሸጋ ሥራ ነበር።

ቦዩ ግን አንድ አመል አለው። በዓመት አንዴ፣ ግንቦት ሳይወጣ፣ ድንጋዮቹ ተነሥተው ደለሉ ካልተጠረገ ይደፈናል። ከተደፈነ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ግድግዳው ሥር ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ተዳፋት ላይ አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደለል የዛቅሁት እኔ ነኛ።

የታችኛው ቤት የአክስቴ ነበር። የአባቴ እኅት ናት፤ እናቴ ስትሞት አንሥታ አሳደገችኝ። አጭር፣ ጠይም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች፤ ኑሮዋ በፈትል ነው። የላይኛው ቤት የሐጂ ነበር። ሐጂ የድሮ የጎንደር እስላም ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ጥጥና ሸማ ይነግዳሉ። ጥጡን ለአክስቴ ይሰጣሉ፣ ፈትሉን ከአክስቴ ይወስዳሉ፣ በዚያውም በየሳምንቱ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱ የማይጨቃጨቁበት ቀን ቢኖር ቦይ የሚጠረግበት ቀን ነው። ሐጂ ከላይ ጀምረው ድንጋይ እያነሡ ይወርዳሉ፣ አክስቴ ከታች ጀምራ ትወጣለች፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ። ሥጋው ለየቅል ስለሆነ የሽምብራ ቆሎ ላይ ተስማምተው ነበር። «እትዬ፣ ዘንድሮም እኔ ብዙ አነሣሁ» ይላሉ ሐጂ። «ከላይ ወደ ታች መውረድ ሥራ ነው እንዴ ሐጂ?» ትላለች። በቃ፣ ክረምቱ ገባ ማለት ነው።

እኔ አድጌ ጸሐፊ ሆንሁ። መጀመሪያ ቄስ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቅኔ ቤት፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። ቅኔውን ሳልጨርስ፣ የመንግሥቱን ትምህርት ሳልጀምር ማለት ይቻላል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም ያው ነበር። ኮት ለበስሁ፣ ክራቫት አሠርሁ፣ ቦርሳ አንጠለጠልሁ። ቦርሳው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዳቦ ነበር። ፒያሳ አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ተከራየሁና እሑድ እሑድ አክስቴን ለመጠየቅ ዳገቱን እወጣለሁ። ስወጣ ሰው እጅ ይነሣኝ ነበር። ምን ያድርጉ፣ ወረቀት የሚጽፍ ሰው ከሚተኩስ ሰው ይበልጥ የሚፈራበት ዘመን ገብቶ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ፈረንጅ መጣ። ከአለቃዬ ጋር ዳገቱን ወጡና ሁለቱን ቤቶች ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። በሜትር ለካ፣ ፎቶግራፍ አነሣ፣ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ፣ ቦዩ ላይ በርከክ ብሎ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ አደረገ። በአስተርጓሚ «እንዲህ ያለ ጥንድ ቤት ሌላ ቦታ አላየሁም፣ ጠብቁት» አለ። አለቃዬ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ሲያልፍ አንገቱን እንኳ አዙሮ አያውቅም። ፈረንጁ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ግን እሱም አወለቀ። ፈረንጅ ያየው ነገር ወዲያው ታሪክ ይሆናል፤ እኛ ስንኖርበት ቤት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ አለቃዬ ጠራኝ። «ጻፍ» አለኝ። «ሁለቱ ቤቶች ታሪካዊ ስለሆኑ እንዳይፈርሱ፣ እንዳይሸጡ።» ጨረሰ። ትእዛዙ ይኸው ነው፤ አጭርና ጤነኛ። ወደ ጠረጴዛዬ ወስጄ ሳነበው ግን መላጣ ሆነብኝ። ያሳደገችኝ ሴት ቤት በመንግሥት ወረቀት ሊከበር፣ እኔን የሚያህል ቅኔ የቀመሰ ሰው እያለ፣ እንዲህ በሁለት ቃል? አንድ ነገር ጨመርሁበት። «ከግቢያቸውም አንዲት ድንጋይ ከነበረችበት ስፍራ ውልፍት እንዳትል።»

ደጋግሜ አነበብኋት። ደስ አለችኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ብዕር ሲያመልጥማ ጭራሽ ሰውየው ራሱን ያደንቃል። አለቃዬ የምሳ ሰዓት ደርሶበት ስለነበር ሳያነብ ፈረመ፣ ማኅተሙ ተመታ። የማኅተሙ አንበሳ ቃሌ ላይ ቆመ።

እሑድ ዳገቱን ወጥቼ ወረቀቱን ለአክስቴና ለሐጂ ግቢው ውስጥ ቆሜ አነበብሁላቸው። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ አጥፋ፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ሰካችው። በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤታችን ሁለት ሰዎች መጥተው «ታሪካዊ ቤት፣ መንካት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከበሯ በላይ ሰቀሉ። ለመስቀል አራት ትልልቅ ሚስማር ኖራው ላይ መቱበት። ያ ግድግዳ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተነክቶ አያውቅም።

የወረቀቱ ግልባጭ ወደ ላይኛው ሹም ሄዶ ነበር። ሹሙ አንብበው «ያቺ የድንጋይዋ ቃል ግሩም ናት፤ ማን ጻፋት?» ብለው ጠየቁ። አለቃዬ ዐይኑን ሳያሽ «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሊቱ የእሱ ሆነች። ሰርግ ላይ ይላታል፣ ተዝካር ላይ ይላታል። አንድ ቀን ክለብ ቤት ቢራውን የሚያነሣ አስተናጋጅ እንኳ «ውልፍት እንዳትል!» ተብሎ ሲቆጣ ሰምቻለሁ። እኔ ጥግ ተቀምጬ የራሴን ልጅ ሌላ ሰው አባት ነኝ ሲልባት አያለሁ። ትንሽ ቆጨኝ፤ ብዙም አልነበረም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ዶማቸውንና የብረት ዘንጋቸውን ይዘው ወረዱ። እኔም እሑድ ስለነበረ ኮቴን አውልቄ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር። አክስቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«በሉ እትዬ፣ ይነሡ እንጂ» አሉ ሐጂ።

«ዘንድሮ የለም ሐጂ።»

«ምነው?»

«ቃል ወጥቷላ። አንዲት ድንጋይ ውልፍት እንዳትል ተብሏል።»

ሐጂ የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ፊቷን አዩና ሳቁን ተዉት። እኔም የምትቀልድ ነበር የመሰለኝ። ይህቺ ሴት እኮ በሕይወቷ የሰማችው ትእዛዝ የለም። ጣሊያን በከተማው ሳለ አንድ መኮንን መጥቶ ቦዩን ድፈኚ ብሏት፣ በራሱ ቋንቋ «ሲ፣ ሲ» ብላ እጅ ነሥታ ሸኝታ፣ በማግሥቱ ድንጋዩን አንሥታ ጠርጋዋለች። ከነፃነት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ፍየል ከተማ ውስጥ እንዳይለቀቅ ሲያውጅ፣ የእሷ ፍየል የማዘጋጃ ቤቱን አበባ በልታ ተመልሳለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት ዛሬ ለወረቀት የታዘዘችው። ወይ ጉድ፣ እርጅና ሰውን እንዲህ ያለሰልሳል አልሁ። የአንበሳው ማኅተም ነው ያስፈራት አልሁ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብላ ይሆናል አልሁ። ሁሉን አልሁ፣ ከእውነቱ በቀር።

«እቴቴ» አልኋት፣ «ወረቀቱ እኮ የቦይ ድንጋይ አይመለከትም።»

«የቦዩ ድንጋይ፣ ድንጋይ አይደለም?»

«ድንጋይ ነው።»

«ከግቢው ውጭ ነው?»

«ውስጥ ነው።»

«እንግዲያስ?»

እንዝርቷን እያሾረች፣ ሳታየኝ፣ «አይመለከትም ካልህ ይኸንኑ ጻፍና ማኅተም አስመታበት። ያን ጊዜ አነሣዋለሁ» አለችኝ።

ቀላል ነገር ነው አይደል? አንድ መሥመር ነው። ችግሩ ያን መሥመር ለመጻፍ «ያቺን ቃል የጨመርኋት እኔ ነኝ፣ አለቃዬ አይደለም» ማለት ያስፈልጋል። ያን ካልሁ አለቃዬ በላይኛው ሹም ፊት ውሸታም ሊሆን ነው። አለቃዬ ውሸታም ከሚሆን እኔ ከሥራ ብባረር እንደሚመርጥ ደግሞ ለማወቅ ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም። ስለዚህ እንደ ጀግና ሌላ መላ ፈለግሁ። «ከላይ የተጠቀሰው ትእዛዝ የቦይ ጽዳትን አይመለከትም» የሚል አጭር ወረቀት ጻፍሁና ለፊርማ በቀረበው ክምር መሐል ሸጎጥኋት። አለቃዬ አንብቦ ፈርሞ አያውቅም ብዬ ነው።

ያቺን አነበባት። በዘመኑ ያነበባት ወረቀት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና «ይህ ምንድን ነው? የኔን ቃል የሚያጥፍ ማን ነው?» አለ።

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን የወጣው «ስሕተት ነው ጌታዬ» የሚል ነው። ወረቀቷን ተቀብዬ እዚያው ፊቱ ቀደድኋት። ደግሜ አልጻፍሁም። በሳምንቱ ስወጣ ለአክስቴ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» አልኋት። ይህቺን ቃል ያወጣትም እንደኔ ያለ ጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኔ ዘነበ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ መጀመሪያ ምንም ያለ አይመስልም ነበር። ቀጥሎ ምድር ቤቱ ረጠበ፤ አክስቴ ፍየሎቿን ለጎረቤት ሰጠች። ቀጥሎ የኋላው ግድግዳ ከሥሩ ጠቆረ። ሐምሌ ላይ ኖራው እየተላጠ ወደቀና ግድግዳው ሆድ አወጣ፤ እንደ እርጉዝ ወደ ውጭ ተነፋ። እጄን ሳሳርፍበት ይቀዘቅዝ ነበር።

አለቃዬን ለምኜ አመጣሁት። ዣንጥላውን ዘርግቶ ቤቱን ዞረው። ሆዱን በከዘራው ነካ ነካ አደረገና «ይህ እርጥበት ራሱ የጥንት ነው፤ አይነካም» ብሎ ወረደ። ሲወርድ አዳልጦት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እግዜር አንዳንዴ ይፈርዳል፣ ግን በጥቂቱ ነው።

በማግሥቱ፣ ሰማዩ እንደ ጠቆረ፣ ሐጂ አልቻሉም። የብረት ዘንጋቸውን ይዘው «ወላሂ አነሣዋለሁ! ያሰሩኝ!» እያሉ ወረዱ። እኔም መሥሪያ ቤቱን ጥዬ እዚያ ነበርሁ። አክስቴ የዝናብ ገሣዋን ደርባ ወጣችና ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ቦዩ ላይ ሄዳ፣ መሐለኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችበት።

«እትዬ ይነሡልኝ፣ ቤትዎ ሊሄድ ነው!»

«ይሂድ ሐጂ። እርስዎን አይመለከትም።»

«እንዴት አይመለከተኝም? አርባ ዓመት አብረን አነሣነው አይደለም?»

«አንሥተናል። ዘንድሮ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው» አለች። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ገደሉ ዞርሁ። ጉዳዩን ሊያይ ከመንግሥት የሚላክ ኮሚሲዮን ማለቷ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ይህን ያህል ደደብ ነበርሁ። ዝናቡ መጣና ሐጂ ዘንጋቸውን ጥለው ዣንጥላ አምጥተው ከራሷ በላይ ያዙላት። እስኪያባራ አልተነሣችም።

«እኔ ዘንድ ነይ» ብዬ ለመንኋት። «ቤቴን ለማን ጥዬ?» አለች። ሌላም ቀን ለመንኋት፤ መልሷ ያው ነው። አክስቴ ከዚያ ቤት በቀር ሌላ ነገር አልነበራትም። ባል ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ቤቱና እኔ ነበርን፤ ከሁለታችን የሚታመነው ቤቱ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። አክስቴ በየቀኑ ታስቀድስ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ዝናብ እንኳ ሳይኖር፣ ፀሐይ ወጥታ እያለ፣ የኋላው ግድግዳ ተቀመጠ። ወደቀ አልልም፤ ሐጂ በዐይናቸው አይተዋል፣ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ ነው ያሉኝ። ፎቁ ተከተለው፣ ክዳኑ ተከተለው፣ ጎኖቹ ተከተሉ። የቆመው የፊቱ በር ብቻ ነው፤ ቀይ ቅስቱ፣ ዘጠኙ ደረጃና ከላዩ ሰሌዳው። «መንካት በጥብቅ ክልክል ነው።» ከኋላው የሚነካ ነገር አልነበረም።

ስደርስ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ሰው «እመቤታችን አወጣችሽ፣ ቅዳሴ ባትሄጂ እኮ!» እያለ ያለቅሳል። እሷ አላለቀሰችም። እኔ አለቀስሁ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ፤ ሰዉም «ጸሐፊው እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ነው» አለ። ተመልከቱልኝ እንግዲህ።

አለቃዬ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፍርስራሹን አይቶ አዘነ፤ እውነት ለመናገር ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ከዚያ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ኮሚሲዮን እስኪመጣ አንዲት ድንጋይ ከዚህ ውልፍት አትበል» አለ። የወደቀውም ድንጋይ ተጠበቀ ማለት ነው። የአክስቴ ሣጥን፣ እናቷ የተዳሩበት ቀሚስ ያለበት፣ ከሥሩ ነው። ሐጂ እዚያው ፊቱ ክምሩ ውስጥ ገቡና አንድ ድንጋይ አነሡ፣ ሁለተኛ አነሡ፣ ሦስተኛ አነሡ። «መዝግብ!» አለኝ አለቃዬ። እርሳሴን አወጣሁ። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። «ጻፍ ልጄ፣ ጻፍ፤ አንተ መጻፍ ታውቃለህ» አሉኝ። ጻፍሁ። ሣጥኑ ወጣ፤ ክዳኑ ተሰብሯል፣ ቀሚሱ ጭቃ ጠጥቷል።

አክስቴ እኔ ዘንድ መጣች። ከዚያ ግንብ፣ ከዚያ መስኮት፣ ወደ አንዲት ቆርቆሮ ክፍል። ዝናብ ሲመታው መነጋገር አይቻልም ነበር፤ ለኔ ደግ ነበር። ስለ ወረቀቱ አንድ ቀንም አላነሣችም። ጠዋት ቁርሴን ታቀርባለች፣ ኮቴን ትጠርጋለች፣ «ሂድ፣ ይረፍድብሃል» ትላለች። ይህቺ ደግነቷ ናት የገደለችኝ። ብትሰድበኝ እኮ ተከራክሬ አሸንፋት ነበር።

መስቀል እንዳለፈ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ገብተን ተመልሰን፣ አልቻልሁም። እግሯ ሥር ተቀመጥሁና አወጣሁት። አለቃዬ እንዳልጻፈው፣ ያቺን ቃል ለማሳመር ብዬ እንደጨመርኋት፣ ቀድጄ ስለጣልኋት ወረቀት፣ ሁሉንም። ይቅር በይኝ አልኋት። እንዝርቷን ቁልቁል ተከለችና አየችኝ።

«አለቃህማ ይህን ሊጽፍ!» አለች። ትንሽ ሣቀች ልበል፣ እንጃ። «ግቢው ውስጥ ቆመህ ስታነብ እዚያች ላይ ስትደርስ ቆም አልህ። ደረትህን ነፋህ። ቅኔ እንደሚዘርፍ ተማሪ ነበር የመሰልኸኝ። የሰው ቃል የሚያነብ ሰው እንዲያ አይሆንም።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው ነዋ።»

«ታዲያ ምነው ድንጋዩን አላነሣሽው እቴቴ? የጣሊያንን ትእዛዝ የረገጥሽ ሴት! የማዘጋጃ ቤቱን!»

«የጣሊያንማ የጣሊያን ነው። የመንግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ በግንቦት አነሣው ነበር።» ጥጧን ዳመጠች። «ያንተ ሆነብኝ እንጂ። አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። ያሳደገችው ሴት እንኳ ያልሰማችው ጸሐፊ ከምትባል ይቅር ብዬ ነው። ደግሞ አንተው ራስህ መጥተህ ታነሣዋለህ ብዬ ነው።»

ከጉልበቷ የወደቀውን ጥጥ አንሥቼ ሰጠኋት።

«ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልሁ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ጠበቅሁህ እኮ» አለችኝና ፈትሏን ቀጠለች።